አራስ ቤት ለማሰናዳት ስድስት ሳምንት ቀረኝ፤ ድሬዳዋ ላይ ከምን ልጀምር?

ደቻቱ ማዶ (ጥያቄ አቅራቢ)

ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያ ልጄን እየጠበቅሁ ነው። በሐኪም ስሌት የምወልደው በነሐሴ የመጀመሪያ ሳምንት ስለሆነ የቀረኝ ስድስት ሳምንት ያህል ነው። የምንኖረው በመጋላ በኩል፣ አምስት አባወራ በሚጋራው ግቢ ውስጥ፣ ሁለት ክፍል ባለው የኪራይ ቤት ሲሆን፣ ክትትሌን የማደርገው ግን ከደቻቱ ወንዝ ወዲያ በከዚራ በኩል ነው። ባለቤቴ በፋብሪካ በፈረቃ ይሠራል። የምታርሰኝ እናቴ ናት፤ ሆኖም ከጭሮ የምትመጣው ለመውለድ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ ነው።

ከልዩ ልዩ ገጾች እየለቀምኩ የጻፍኩት የዝግጅት ዝርዝር 63 ዕቃ ደርሷል። የጡጦ ማሞቂያ አለበት፣ የዳይፐር መጣያ አለበት፣ የሕፃን ክፍል መጋረጃም አለበት። እኛ ደግሞ እንኳን የሕፃን ክፍል፣ ሁለተኛ ቁም ሳጥን የምናስጠጋበት ግድግዳ የለንም። እናቴ በበኩሏ ገና ላልተወለደ ልጅ ልብስ መገዛቱ ደስ አይላትም፤ በስልክ ባነሣሁባት ቁጥር «መጀመሪያ ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብላ ወሬውን ትለውጠዋለች። ባለቤቴ ግን ከአናጢ ጋር ስለ ሕፃን አልጋ ዋጋ መነጋገር ጀምሯል። እኔ በሁለቱ መካከል ሆኜ ከሰልባጅ መርጬ የገዛኋቸውን ትናንሽ ሸሚዞች ማታ ማታ እዘረጋለሁ፣ አጥፋለሁ፣ ደግሞ እዘረጋለሁ።

በዚህ ሙቀት፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ በጠባብ ቤት የወለዳችሁ እናቶች ከምን እንደጀመራችሁ፣ የትኛውንም ነገር ትቼ ብሄድ እንደማልጸጸት ብትነግሩኝ በጣም አመሰግናለሁ።

የከዚራዋ እናት

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። እኔ ሦስት ልጆች የወለድኩት እዚሁ ድሬዳዋ ነው፤ የመጀመሪያዋ የተወለደችው በግንቦት፣ ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ በሚተፋበት ወር ነበር። ለእሷ ያልገዛነው ዕቃ አልነበረም። አልጋም አሠርተንላት ነበር፤ ልጅቱ አንድ ሌሊት እንኳ ሳትተኛበት የታጠበ ልብስ መከመሪያ ሆኖ ከርሞ፣ በኋላ እግሩን አስቆርጠን የጫማ መደርደሪያ አደረግነው።

ያላሰናዳነው ውሃውን ነበር። ወልጄ በገባሁ በማግሥቱ ቧንቧው ቀጥ አለ። ምጥ ሳይጀምረኝ ከሳምንት በላይ ቀደም ብሎ የተሞላ አንድ በርሜል በረንዳ ላይ ስለነበረን አልተጨነቅንም ነበር። አማቴ ክዳን ተብሎ የተጣለበትን ቆርቆሮ አንሥታ በስልክ መብራት ወደ ውስጥ ስታይ ግን ዝም አለች፤ እኔም ተነሥቼ አየሁት። ከውሃው ገጽ ላይ ጭራቸውን ሽቅብ አድርገው የተንጠለጠሉ፣ ክር የሚያካክሉ ትሎች ሞልተውታል። ጥላችን ሲያርፍባቸው ሁሉም በአንድ ጊዜ እየተወራጩ ወደ ታች ጠለቁ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ አንድ በአንድ ተመልሰው ወጡ። የትንኝ ዕጭ ነው። ለአራሷና ለልጇ ብለን ያጠራቀምነው ውሃ ትንኝ ሲያሳድግልን ሰንብቷል ማለት ነው።

ይህን የምነግርሽ ከዝርዝርሽ ውስጥ በርሜል የሚል ቃል እንደሌለ ስለገመትኩ ነው። የእኛ ከተማ ትንኝ ረግረግ ፍለጋ አይሄድም፤ ባጠራቀምነው ውሃ ውስጥ ነው የሚራባው። በ2006 ዓ.ም. ደንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ደግሞ ችኩንጉንያ የሚባሉት ትኩሳቶች ቤት ለቤት የዞሩት ቀን ላይ በሚነክሰው ትንኝ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የተነሣው ወባ ደግሞ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከሚባለው፣ ከእስያ በኩል ወደ አገራችን ከገባው አዲስ የወባ ትንኝ ጋር የተያያዘ ነው፤ እሱም እንደዚያኛው በበርሜል፣ በሮቶና በግንባታ ቦታ ገንዳ ይራባል። በዚህ ሙቀት ከእንቁላል ተነሥቶ ክንፍ እስኪያወጣ ሳምንት ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ብቻ ይበቃዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ የውሃ ዕቃዎቻችሁን ቁጠሪ። እያንዳንዱ ዙሪያውን የሚገጥም ክዳን ያስፈልገዋል፤ ክዳን ካጣሽለት አሮጌ አጎበር ወይም ሻሽ ደርበሽ በላስቲክ ጥብቅ አድርገሽ እሰሪው። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ውሃውን ወደ ጀሪካን ገልብጦ የበርሜሉን ውስጠኛ ግድግዳ በብሩሽ መፈግፈግ ያስፈልጋል። መድፋቱ ብቻውን አይበቃም፤ የቀን ነካሹ ትንኝ እንቁላል ከግድግዳው ላይ ተጣብቆ ለወራት ደርቆ ሊቆይና ውሃ ሲነካው ሊፈለፈል ይችላል። ይህን ሥራ ነፍሰ ጡር ሆነሽ አንቺ አትሥሪው፤ ዛሬ ለባለቤትሽ አሳይተሽ የእሱ ሥራ አድርጊው፤ ያለዚያ ስትወልጂ የማንም ሥራ ሳይሆን ይቀራል።

ሌላው የውሃችን ጠባይ ነው። ማንቆርቆሪያሽን ብታዪው ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይዟል። በዚህ ውሃ ሳሙና እንደልብ አረፋ አይሰጥም፤ የሽንት ጨርቅ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ቋንጣ ይመስላል። ሳሙናው እስኪለቅ ደጋግሞ ማለቅለቅ፣ ሲደርቅ ደግሞ በእጅ አሽቶ ማለስለስ ነው መፍትሔው። እኔ ለልጅና ለአራስ ልብስ ብቻ በቀን ሁለት ጀሪካን ይጠፋብኝ ነበር። እሱን አስልተሽ አጠራቅሚ።

ሳቢያን 4

ከላይ የተጻፈውን በአክብሮት አነበብኩት፤ ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወልድን ሴት ይህን ያህል ማስጨነቅ ተገቢ አይመስለኝም። እኛ ሁለት ልጆች ያሳደግነው ያለ ምንም የተለየ ዝግጅት ነው። ዳይፐር በየሱቁ ይሸጣል፣ የታሸገ ውሃ በየሱቁ ይሸጣል፣ ታይዋን ገበያም ሆነ ቀፊራ ገበያ ሄዶ የሚታጣ ዕቃ የለም። የጎደለውን እኔ በባጃጅ ደርሼ አመጣ ነበር። ገንዘብ ካለ ሌላው ሁሉ በእጅ ነው፤ ስለዚህ የእኔ ምክር ዕቃ ከመሰብሰብ ይልቅ ገንዘብ ቆጥባችሁ አስቀምጡ የሚል ነው።

የባቡር ሠፈር አያት

ልጄ ሳቢያን፣ ገንዘብ ይቀመጥ ያልከው ትክክል ነው፤ አልቃወምህም። ይሁንና ጠያቂዋ ያለችውን አንድ ነገር የዘለልከው ይመስለኛል። ቤቷ ከወንዙ ወዲህ፣ የምትወልድበት ከወንዙ ወዲያ፣ ወሩ ደግሞ ነሐሴ ነው።

ደቻቱ በዓመት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ብዙ ሰው ወንዝ መሆኑን ይረሳዋል፤ ባጃጁም እግረኛውም በአሸዋው ላይ ይሻገራል። ጎርፉ የሚመጣው እዚህ በሚዘንበው ዝናብ አይደለም። ከተማው ላይ ኮከብ እየታየ ወደ ላይ በደንገጎ በኩል፣ በሐረርጌ ደጋ ላይ የዘነበው ነው እየተገፋ የሚወርደው። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ማለቂያ ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ይዞ ሲሄድ እኔ ጎልማሳ ነበርኩ፤ ብዙዎቹ በእንቅልፋቸው ላይ ሳሉ ነበር የደረሰባቸው። እንዲያ ያለው በየዓመቱ አይመጣም፤ ነገር ግን መንገድ ለጥቂት ሰዓት የሚዘጋ ውሃ በክረምት ብርቅ አይደለም፤ ለምጥ ደግሞ ጥቂት ሰዓት ብዙ ነው።

ስለዚህ፣ ልጄ ደቻቱ ማዶ፣ ከአንድ ይልቅ ሁለት የባጃጅ ሾፌር አነጋግሩ፤ ሁለቱም ሌሊት ስልካቸውን የማይዘጉና ሰፈራችሁን የሚያውቁ ይሁኑ። በአሸዋው ሳይሆን በድልድዩ እንደሚሄዱ ከአሁኑ ተስማሙ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ የሚጠራበትን 907 በባለቤትሽ ስልክ ላይ ብቻ ሳይሆን በእናትሽም ላይ መዝግቡት። ከዚራ በኩል ዘመድ ወይም ወዳጅ ካላችሁ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ቀናት እዚያ ብታሳልፊ የተሻለ ነው፤ ለዚህ ማንም ሰው አያማሽም። ከደጋው በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ካየሽና ሕመም ከጀማመረሽ ግን «ጥቂት ልጠብቅ» አትበዪ፤ ቀድመሽ ተሻገሪ።

የእኔ ባለቤት የበኩር ልጃችንን የወለደችው በቤት፣ በአዋላጅ ባልቴት እጅ ነበር። ደግ ሴት ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ነገር ግን ያን ሌሊት አሁን ላይ ሳስበው እግሬ ይንቀጠቀጣል።

አዋላጅ ነርስ ነኝ

ሐረርም ድሬዳዋም ሠርቻለሁ። ስለ ጉዞው አያታችን ጨርሰውታልና እኔ ስለ ቦርሳውና ስለ ክፍሉ እጽፋለሁ።

ቦርሳው ከበሩ አጠገብ፣ ማንም ሰው በጨለማ ዳስሶ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ ይቀመጥ። ከሁሉም በላይ የክትትል ካርድሽ ይግባበት፤ የደም ዓይነትሽ፣ ያደረግሻቸው ምርመራዎችና የወሰድሻቸው ክትባቶች እዚያ ላይ ስለተጻፉ፣ ካርዱን ሳይዙ መምጣት ሐኪሙን ከዜሮ ማስጀመር ነው። መታወቂያ፣ ንጹሕ ነጠላ ወይም ሁለት፣ ልጁ የሚደረቅበት ደረቅ ፎጣ፣ የሚጠቀለልበት ሌላ ደረቅ ጨርቅ፣ ኮፍያ፣ ሞዴስ፣ ቅያሪ ልብስ፣ የስልክ ቻርጀር። በመንግሥት ጤና ተቋም የወሊድ አገልግሎት ያለ ክፍያ ቢሰጥም ለመድኃኒትና ለመጓጓዣ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ አብሮ ይቀመጥ። ደም ቢያስፈልግ ሊለግሱ የተስማሙ ሁለት ሰዎችም ከአሁኑ ይታወቁ። ደም ካየሽ፣ ዓይን የሚያጭበረብር ከባድ ራስ ምታት ከያዘሽ፣ ትኩሳት ካለሽ፣ የሽርት ውሃ ከፈሰሰ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰብሽ፣ ቀኑ አልደረሰም ብለሽ ቤት አትቀመጪ።

ስለ ክፍሉ ደግሞ ከባህላችን ጋር ትንሽ የምጣላበት ነገር አለኝ። አራስ ቤት ሲባል መስኮቱ ተዘግቶ፣ መጋረጃው ተጋርዶ፣ አንድ ማዕዘን ላይ ከሰል ተያይዞ፣ ዕጣኑም እየጨሰ የምናገኘው ክፍል ነው። ስለ ዓይንና ስለ ምች ያለውን እምነት አከብራለሁ፤ ይሁን እንጂ አዲስ የተወለደ ልጅ ቢጫ ሲሆን የሚታየው በቀን ብርሃን ነው። በጨለማ ክፍል ያረሰች እናት፣ ልጇ ከዓይኑ አልፎ እስከ እግሩ ቢጫ ሆኖ ሳለ ሳታውቅ በስድስተኛው ቀን ስታመጣው አይቻለሁ። ስለዚህ አልጋሽን መስኮት አጠገብ አድርጊው፤ ፀሐዩ በቀጥታ እንዳይመታሽ ስስ መጋረጃ ይበቃል፤ በየጠዋቱም መጋረጃውን ገልጠሽ የልጅሽን ዓይንና ቆዳ ተመልከቺ። ከሰሉ ደግሞ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሽታ የሌለው መርዝ ያመነጫልና ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ። ቡና አይቅር፤ ከሰሉ ውጭ ይቅር።

አጎበር ከመውለድሽ በፊት ይሰቀል፤ አንቺም ዛሬውኑ ተኚበት። አዲስ ከሆነ ከማሸጊያው አውጥተሽ ለአንድ ቀን ጥላ ላይ አናፍሺው። የከዚራዋ እናት እንዳለችው የቀን ትንኝ ስላለብን ልጁ ቀን ሲተኛም አጎበሩ ውስጥ ይሁን።

በልጁ ላይ ለሚደረገው ነገር እናትሽን ከአሁኑ አነጋግሪያት፤ በምጥ ማግሥት የሚጀመር ክርክር ለማንም አይበጅም። ልጁ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፤ እንገሩ አይጣል። ቢያንስ ለ24 ሰዓት ገላው አይታጠብ። እትብቱ ላይ ጤና ባለሙያ ከሚሰጥሽ ቅባት በቀር ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር አይደረግበት። ቅቤ ማዋጥና እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ። የቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ) እና የመጀመሪያው የፖሊዮ ክትባት እንደተወለደ ይሰጣል፤ የሚቀጥሉት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ናቸው። ቀኖቹን ካላንደር ላይ አክብቢያቸው።

የጀጎል ልጅ

እኔ ከሐረር ነኝ። እስካሁን ስለ ውሃ፣ ስለ መንገድና ስለ ሕክምና ብዙ ተባለ፤ ስለ ጠያቂው ሕዝብ ግን ማንም አላነሣም። እኔ ከወለድኩ በኋላ ያደከመኝ ልጁ አልነበረም፤ እንግዳው ነበር።

በእኛ ባህል የአፎቻ (የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር) ሴቶች ደስታም ሆነ ሐዘን ላይ አብረው ይቆማሉ፤ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። በሰባተኛው ቀን አቂቃ፣ ለልጁ የሚታረድበት የእስልምና ሥርዓት፣ ሲሆን ቤቱ ይሞላል፤ በክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ዘንድም ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ስትነሣ እንዲሁ ነው። ነገር ግን ሁሉም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ጎርፎ ሲመጣ፣ ሁሉም ገንፎ ሲያመጣ፣ ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ቤቱ ጭር ሲል፣ አራሷ መጀመሪያ እንቅልፍ፣ በኋላ ምግብ ታጣለች። ለሁለተኛ ልጄ እህቴ አንድ መላ አመጣች። «ምን ላምጣ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ ዕቃ ሳይሆን ቀን ትሰጠዋለች። አንዷ የማክሰኞን ልብስ ማጠብ ወሰደች፤ አንዷ ዓርብ ሁልበት (አብሽ) ያለበት መረቅ ሠርታ ትመጣለች፤ አንዲት አሮጊት ደግሞ አቅም የለኝም ብለው ከዐሥር ሰዓት በኋላ ልጁን ይዘውልኝ እኔ የምተኛበትን አንድ ሰዓት ወሰዱ። ከሁሉም ስጦታ የሚበልጠው የእሳቸው ነበር።

አንቺም በግቢሽ አምስት አባወራ አለ ብለሻል። ጠባብ ቤት ጉዳት ብቻ አይደለም፤ አራት ጎረቤት በእጅሽ ነው። ከአሁኑ ንገሪያቸው። የሳል ወይም የጉንፋን ምልክት ያለበት ሰው ልጁን እንዳይዝ፣ ልጁንም አፉ ላይ የሚስም እንዳይኖር የሚናገረውን ሰውም ምረጪ፤ አንቺ ከተናገርሽ ኩራት ይባላል፣ እናትሽ ከተናገረች ግን ወግ ነው።

ስለ ምግቡ ብዙ አልልም። ቅቤው ይነጠር፣ በርበሬው ይደለዝ፣ የገንፎው ዱቄትና አጥሚቱ ተነፍቶ በደረቅ ዕቃ ይቀመጥ፤ ጨው የበዛበት ነገር አይብዛ። በነሐሴ ሙቀት ትኩስ ገንፎ ፊት ለፊትሽ ሲቀርብ ላብሽና ቅቤው የትኛው የትኛው እንደሆነ እንደሚጠፋሽም አስቀድሜ ልንገርሽ። እኔ ቁጢ (የቡና ቅጠል) በወተት እየጠጣሁ ነው የወጣሁት።

ደቻቱ ማዶ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ከባለቤቴ ጋር የጻፋችሁትን እስከ መጨረሻው አነበብነው፤ ከዚያም የስልክ መብራት ይዘን ወደ ግቢው ወጣን። የእኛ በርሜል ንጹሕ ነበር። ከጎኑ ያለው፣ ማንም የእኔ ነው የማይለው አሮጌ ባልዲ ግን የከዚራዋ እናት የጻፈችውን ሆኖ ተገኘ፤ እነዚያው ትሎች፣ ያው አጠላለቅ። ባለቤቴ እዚያው ደፋው።

አንድ ጥያቄ ለአዋላጇ አለኝ። እናቴ «በድሬ ሙቀት ልጅ ያለ ውሃ አይውልም፤ በማንኪያ ጫፍ እንኳ ስኳር ያለው ውሃ ይቅመስ» ትላለች። እሷ የደጋ ሰው ስለሆነች ሙቀቱን ከእኔ ይበልጥ ትፈራዋለች። ምን ብዬ ላስረዳት?

አዋላጅ ነርስ ነኝ

እናትሽ የምትጨነቀው ከፍቅር ነውና መልሱን በቁጥር ሳይሆን በሽንት ጨርቅ አሳያት። የእናት ጡት ወተት 88 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው፤ ስለዚህ ሙቀት ባለበት አገርም ቢሆን እስከ ስድስት ወር ሌላ ውሃ አይፈልግም። በጥም ጊዜ ጡቱን ቶሎ ቶሎ ይጠይቃል፤ አንቺም ቶሎ ቶሎ ትሰጪዋለሽ። ወተቱ ከገባ በኋላ በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ጨርቅ ካረጠበ ውሃው በቂ ነው ማለት ነው፤ እናትሽ እያንዳንዱን እርጥብ ጨርቅ ትቁጠረው፤ መቁጠሩ ራሱ ያረጋጋታል። መጠጣት ያለብሽ አንቺ ነሽ፤ ጡት በምታጠቢበት ቦታ ሁልጊዜ የሞላ ጆግ ይኑር።

ስለ አልባሳትም እግረ መንገዴን ልንገርሽ። በእኛ ሙቀት ልጁን ሦስት ድርብ ጠቅልሎ ጋቢ መደረብ ትኩሳት ያመጣበታል፤ ከዚያ እናቶች ታመመ ብለው ይዘውት ይመጣሉ። ቀን ላይ አንድ ስስ ልብስ ይበቃዋል። ደረቱ ወይም ጀርባው ላባም ከሆነ ቀንሺለት። ቬንትሌተር ይሥራ፤ ነፋሱ ግን ልጁ ላይ በቀጥታ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ይረፍ።

ሳቢያን 4

ስለ ወንዙ አያታችን ባሉት ተገሥጫለሁ፤ እኔ ያለሁበት ሰፈር ድልድይ ሳይሻገሩ ሐኪም ቤት የሚደርሱበት ስለሆነ አላሰብኩትም ነበር። የታሸገ ውሃም ጨርቅ እንደማያጥብ ባለቤቴ ጽሑፌን አንብባ ነግራኛለች።

ባለ ፈረቃ

እኔም ከጠያቂዋ ባለቤት ጋር ተመሳሳይ ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ስለሆንኩ ለእሱ የሚሆን ልጻፍ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር ታርፋለች፤ አባት የሚያገኘው ሦስት ተከታታይ ቀን ነው። እኔ ሦስቱን ቀን ሐኪም ቤት ደጃፍና ወረፋ ላይ ጨረስኳቸው። ወንድሜ፣ የዓመት ፈቃድህን ካሁኑ አቆይ፤ የፈረቃ አለቃህንም አስቀድመህ አነጋግር፤ በምጥ ሌሊት በስልክ ከመለመን ይሻላል።

ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ባለቤቴ በወለደች በአምስተኛው ሌሊት ትኩሳት ያዛት። የክትትል ካርዷ የት እንዳለ፣ ገንዘቡ በየትኛው ኪስ እንደገባ፣ የልጁ ንጹሕ ጨርቅ በየትኛው ፌስታል እንደታሰረ የሚያውቀው ማን ነው? እሷ ብቻ። እሷ ደግሞ እየተንቀጠቀጠች ነው። እኔ ቁም ሳጥን ፊት ቆሜ «የቱ ጋ ነው?» እያልኩ ከሕመሟ ላይ መልስ ሳስቆፍራት ሃያ ደቂቃ ሄደ። ቤቱ በደንብ የተደራጀ ነበር፤ የተደራጀው ግን በእሷ ጭንቅላት ውስጥ ነበር።

ለሁለተኛው ልጅ እሷ አልጋ ላይ ተቀምጣ እኔ ሁሉንም ነገር በራሴ እጅ ደረደርኩት። ከዚያ እናቴን ጠርተን፣ ባለቤቴ አንድም ቃል ሳትናገር እናቴ የልጅ ጨርቅ፣ ቴርሞሜትር፣ ካርድ፣ የጋዝ ምድጃ ክብሪትና የበርሜል ቁልፍ እንድታገኝ ፈተናት። ክብሪቱ ላይ ወደቀች። ቦታውን ቀየርነው።

የልደት ምዝገባም አይዘንጋ፤ ከወለደችበት ተቋም የልደት ማሳወቂያ ወረቀቱን ተቀብላችሁ በ90 ቀን ውስጥ በምትኖሩበት ቀበሌ ታስመዘግባላችሁ። ወረቀቱን ከክትባት ካርዱ ጋር በአንድ ላስቲክ አኑሩት።

የከዚራዋ እናት

ባለ ፈረቃ፣ ይህን ፈተና እኔም ለባሌ ልሰጠው ነው፤ ትንሹ ልጃችን አራት ዓመቱ ቢሆንም አልረፈደም።

ደቻቱ ማዶ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። የቀረኝም ያንኑ ያህል ነው።

ከ63ቱ ዕቃ 41ዱን ሰረዝኩ። የጎረቤት ሴቶችን ቡና ጠርቼ፣ በረንዳ ላይ፣ የግቢውን የውሃ ዕቃ በሙሉ አብረን ቆጠርን፤ ሃያ ሁለት ተገኘ፤ ሰባቱ ክዳን አልነበራቸውም። እሑድ እሑድ ጠዋት አንድ አንድ አባወራ በተራው እንዲፈግፍግ ተስማምተናል፤ የመጀመሪያው ተራ የባለቤቴ ነበር። አንዷ ጎረቤቴ የረቡዕን እጥበት ወስዳለች። ከዚራ ያለች የባለቤቴ አክስት ደግሞ ከሐምሌ 25 ጀምሮ አንድ ፍራሽ እንደምታነጥፍልኝ ነግራናለች፤ ሁለቱ የባጃጅ ሾፌሮችም ስልካቸውን ሰጥተውናል፤ አንደኛው ሌሊት ሁለት ጊዜ ደውለን ስንፈትነው አነሣ፤ በሦስተኛው ተቆጣ።

አልጋችንን ወደ መስኮቱ አዙረነዋል። ቦርሳው በበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ባለቤቴ የክፍሉን ዕቃ በራሱ እጅ ደርድሮ ሲጨርስ እኔን ዓይኔን ሸፍኖ ፎጣውን እንዳገኝ ፈተነኝ፤ እኔ ወደቅሁ፤ እሱ በጣም ደስ አለው።

እናቴ የልብሱን ነገር አሁንም አታነሣም። ስለ በርሜሎቹ ስነግራት ግን ለረጅም ጊዜ አዳመጠችኝ፤ «እሱ ለልጁ አይደለም፣ ለቤቱ ነው፤ እሱ ምንም የለበትም» አለችና ስንት ክዳን እንደጎደለን ጠየቀችኝ። ሰባት ስላት፣ ከጭሮ ስትመጣ ከነጠረው ቅቤ ጋር ጥቅጥቅ ያለ የሻሽ ጨርቅ ይዛ እንደምትመጣ ነገረችኝ። እኛ ግን ቀድመናታል፤ ባለቤቴ ለሕፃኑ አልጋ ያስቀመጠውን ቀብድ አናጢው ሰባት የእንጨት ክዳን እንዲሠራበት አድርጎ ለወጠው። ሰውየው ክዳኖቹን አስረክቦናል፤ ሆኖም በመንገድ ባገኘን ቁጥር «የልጁን አልጋ ልኬት መቼ ነው የምትሰጡኝ?» ማለቱን አልተወም።